ሚዛን በራሱ አይቆምም፦ ስለ ጨዋማ የመዋኛ ገንዳዎች

«ኬሚካል» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግራችን ከስድብ ያልተናነሰ ትርጉም ከያዘ ሰንብቷል። ቲማቲሙ ከወትሮው ገዝፎ ሲታይ «ኬሚካል አለው» ይባላል፤ ማሩና ሳሙናው ደግሞ «ኬሚካል የለውም» ከተባለ ዋጋው ከፍ ይላል። ውሃም ሆነ የገበታ ጨው ራሳቸው ኬሚካሎች መሆናቸውን በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የሚመልስ ተማሪ እንኳ ከክፍል እንደወጣ ይህንኑ አነጋገር ይደግማል። ነገሩ አነጋገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። የሚያሳስበን፣ አንድ ነገር «ኬሚካል የሌለበት» ተብሎ ከተሰየመ በኋላ ሊለካው የሚነሣ ሰው መጥፋቱ ነው። ለዚህም ጨዋማ የመዋኛ ገንዳን ያህል ጥሩ ማሳያ አላገኘንም።

ከጥቂት ወራት በፊት ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንድ መዝናኛ ስፍራ ሄደን ነበር። ገንዳውን የሚጠብቀው ወጣት ገና ሳንጠይቀው፣ «አይስጉ ጋሼ፤ የእኛ ገንዳ በጨው ነው የሚሠራው፤ ክሎሪን የለበትም» አለን። የውሃው ፒኤች ስንት እንደሆነ ስንጠይቀው ደግሞ «እሱን ማሽኑ ራሱ ያስተካክለዋል» ሲል መለሰልን። ወጣቱ ትሑትና ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ የነገረንም ለእሱ የተነገረውን ነው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አንዱም እውነት አልነበረም። የመጀመሪያው የተሳሳተ ስም ውጤት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የተወለደ ነው።

ከጨው ወደ በረኪና

ጨዋማ ገንዳ ሲባል የባሕር ውሃ የተሞላ ገንዳ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ገደማ የሟሟ ጨው ሲኖረው፣ በእነዚህ ገንዳዎች ውስጥ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ ነው። የእንባችን ጨዋማነት እንኳ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። 50 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ መካከለኛ ገንዳ ብንወስድ፣ 175 ኪሎ ግራም ጨው ቢሟሟበት በሊትር 3.5 ግራም ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ያህል ጨው ጀርም አይገድልም። ጨው ለገንዳው ጥሬ ዕቃ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

መድኃኒቱ የሚሠራው ውሃው ከማጣሪያው ወጥቶ ወደ ገንዳው በሚመለስበት ቧንቧ ላይ በተገጠመ አንድ አነስተኛ ዕቃ ውስጥ ነው። በውስጡ በሩተኒየም ኦክሳይድ ወይም መሰል ውሁድ የተለበጡ የታይታኒየም ዝርግ ሳህኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍባቸው፣ በአኖዱ ላይ የክሎራይድ አዮኖች ኤሌክትሮን እየለቀቁ ክሎሪን ይሆናሉ፤ በካቶዱ ላይ ደግሞ ውሃ ተሰንጥቆ ሃይድሮጅን ጋዝና ሃይድሮክሳይድ ይወጣሉ። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1834 «ኤሌክትሮሊሲስ» የሚል ስም የሰጠው ሂደት ይኸው ነው። ክሎሪኑ ወዲያውኑ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ሃይፖክሎረስ አሲድንና ሃይፖክሎራይትን ይፈጥራል። ሃይፖክሎራይት ማለት ደግሞ በየቤታችን ነጭ ልብስ የምናጥብበት የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ጨዋማ ገንዳ፣ ከጎኑ አነስተኛ የበረኪና ፋብሪካ የተተከለለት ገንዳ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ሒሳቡን ራሱን ፋራዴይ ሠርቶልናል። አንድ አምፔር ጅረት ለአንድ ሰዓት ቢያልፍ በተሟላ ብቃት 1.32 ግራም ክሎሪን ያወጣል። ከላይ የጠቀስነው 50 ሜትር ኩብ ገንዳ በቀን በእያንዳንዱ ሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢያጣ፣ ለመተካት 100 ግራም ያስፈልገዋል፤ ይህም 76 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን 34 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። (ይህ በባሕር ጠለል ግፊት ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ያው ጋዝ ወደ 45 ሊትር ይሰፋል። ለምን እንደሆነ ማስላቱን ለአንባቢያን ትተናል።) ውሃው በቧንቧው ውስጥ እየፈሰሰ ሳለ ጋዙ ተበታትኖ ወደ አየር ይወጣል። ፓምፑ ቆሞ ኤሌክትሪኩ ግን ካልተቋረጠ በተዘጋው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ሃይድሮጅን በዝግ ቦታ ሲጠራቀም ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው፣ የውሃውን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ማቋረጫ «ስላስቸገረኝ ነቀልኩት» አይልም።

ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ፣ ማለትም ጀርም ሲገድል፣ ላብ ሲያቃጥል ወይም በፀሐይ ብርሃን ሲበተን፣ ተመልሶ ክሎራይድ ይሆናል። ጨው የሚቀንሰው ውሃው ሲረጭ፣ ሲያፈስና ማጣሪያው ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ትነት ጨው አይወስድም። ይህ ዑደት በእርግጥም ያማረ ነው። ክሎሪን በበርሜል ማጓጓዝና ማከማቸት ይቀራል፤ መጠኑም በአንድ ጊዜ ከፍ ብሎ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚጨመር ይሆናል። ዘዴው በአውስትራሊያ የመኖሪያ ቤት ገንዳዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥላችን ከመሣሪያው ጋር አይደለም፤ ከስሙ ጋር ነው።

ስለ ሽታ አንድ ነገር እናክል። ብዙ ሰው «የክሎሪን ሽታ» የሚለውና ዓይን የሚያቀላው፣ በአብዛኛው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን የተባለ ውሁድ ነው። ስለዚህ ኃይለኛ ሽታ ያለው ገንዳ ብዙ ጊዜ ክሎሪን የበዛበት ሳይሆን ለተጫነበት ቆሻሻ ክሎሪን ያነሰው ነው። ጨዋማው ገንዳ «ስለማይሸት ክሎሪን የለበትም» የሚለው ማስረጃ በዚህ ይፈርሳል።

ውሃው የሚሻውና እኛ የምንሻው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው፤ ሌላው ደግሞ ይህ አሲድ ፕሮቶኑን ሲለቅ የሚሆነው ሃይፖክሎራይት አዮን ነው። ሁለቱም ክሎሪን ተብለው ይለካሉ፤ ጀርም በመግደል ረገድ ግን እኩል አይደሉም። ቻርጅ የሌለው አሲድ የባክቴሪያን ሽፋን በቀላሉ ዘልቆ ሲገባ፣ አሉታዊ ቻርጅ የተሸከመው አዮን ግን ይህ አይሆንለትም፤ ኃይሉም ከአሲዱ በብዙ አሥር እጥፍ ያነሰ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ7.2 ፒኤች ሁለት ሦስተኛ ገደማው ብርቱው አሲድ ነው። በ7.5 ግማሽ ገደማ፣ በ8.0 ሩብ ገደማ፣ በ8.5 ደግሞ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ይቀራል። የክሎሪኑ ጠቅላላ መጠን አንድ ሚሊግራም እንኳ ሳይቀንስ ገንዳው መከላከያውን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የመዋኛ ገንዳዎች መመሪያ ላይ በክሎሪን ለሚታከም ውሃ ከ7.2 እስከ 7.8 ያለውን ፒኤች የመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ የጨዋማ ገንዳ ፒኤች በራሱ በዚህ ክልል ይቆያልን? አይቆይም፤ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን የገንዳ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል። ስለ ምክንያቱ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ካቶዱ ሃይድሮክሳይድ ስለሚያወጣ ውሃው ቤዝ ይሆናል» ይባላል። አባባሉ የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው። ክሎሪኑ ሥራውን ጨርሶ ወደ ክሎራይድ ሲመለስ በዚያው ልክ አሲድ ይለቃልና ሁለቱ ይጣፋሉ። በፀሐይ የሚበተነውን ክሎሪን ብቻ ወስደን መላውን ዑደት ብንደምር፣ የተበላው ውሃና ኤሌክትሪክ፣ የተገኘው ደግሞ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ጨውም አልጎደለም፤ ፒኤችም አልተንቀሳቀሰም።

ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው፤ ለእኛም አገር ሰው ከማንም በላይ ቅርብ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት ጋዙ እየወጣ ያልቃል፤ ጣዕሙም የቀድሞው አይሆንም። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ሳለ ደካማ አሲድ ነበረና፣ እሱ ሲሄድ የውሃው ፒኤች ከፍ ይላል። የመዋኛ ገንዳም በዝግታ ጋዙ እየወጣ ያለ ትልቅ የአምቦ ውሃ ነው። ፒኤቹ 7.5፣ አልካሊኒቲው (ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ በሊትር 100 ሚሊግራም የሆነ ውሃ እንውሰድ። ስሌቱን ስንሠራ በዚህ ውሃ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ጋር ሚዛን ላይ ቢሆን ከሚኖረው አሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ያለማቋረጥ ይሸሻል። ከመሣሪያው የሚወጡት ደቃቅ የሃይድሮጅን አረፋዎች፣ ፏፏቴውና የልጆቹ መንቦጫረቅ ሽሽቱን ያፋጥኑታል። የት ይደርሳል ብንል፣ ያው ውሃ ከአየሩ ጋር እውነተኛ ሚዛን የሚደርሰው በ8.5 ፒኤች አካባቢ ነው፤ ብርቱው አሲድ አንድ አሥረኛ ብቻ በሚቀርበት ቦታ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ቆም ማለት ይወዳል። «ሚዛኑን የጠበቀ ውሃ» ስንል በቴርሞዳይናሚክስ ሚዛን ላይ ያለ ውሃ ማለታችን አይደለም። ውሃው በራሱ የሚሄድበት ሚዛንና እኛ የምንፈልገው ሚዛን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኛው፣ አሲድ እየጨመርን፣ ኤሌክትሪክ እያሳለፍን፣ ውሃ እየተካን በጥረት የምናቆመው የጸና ሁኔታ ነው። የሰው ገላም በ37 ዲግሪ የሚቆየው እንዲሁ ነው፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እውነተኛ ሚዛን የሚደርሰው በድን ብቻ ነው። «ማሽኑ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው አነጋገር አደጋው ይህ ነው። ተራው መሣሪያ ክሎሪን ያመርታል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያስቀርም፤ እንዲያውም በአረፋዎቹ ያስወጣዋል። ፒኤች እየለኩ አሲድ የሚጨምሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ እነሱም ቢሆኑ መለኪያቸው በየጊዜው ካልታረመ የሚናገሩት ቁጥር አይታመንም።

ይህን ያልተረዳ ሠራተኛ የሚገባበት አዙሪት አለ። ፒኤቹ ስለወጣበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምራል። አሲዱ ፒኤቹን ብቻ ሳይሆን አልካሊኒቲውንም ይቀንሳል። «አልካሊኒቲው ወረደ» ተብሎ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመራል፤ ይህም የሚሸሸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደገና ያበዛዋልና ፒኤቹ ከበፊቱ ፈጥኖ ይወጣል። እንደገና አሲድ። ገንዘብም ጉልበትም የሚያልቀው እንዲህ ነው። አልካሊኒቲውን በሊትር ከ60 እስከ 80 ሚሊግራም ባለው ዝቅተኛ ክልል መያዝ ሽሽቱን እንደሚያዘገየው ማወቅ ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

የካልሲየምን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ፒኤች ሲወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ከውሃው እየተለየ ይጋገራል፤ በማንቆርቆሪያችን ግርጌ የምናየው ነጭ ቅርፊት መሆኑ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጋገረው በካቶዱ ላይ ነው፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ፒኤቹ ከገንዳው እጅግ ከፍ ያለ ነውና። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቅርፊቱን ለማራገፍ አኖዱንና ካቶዱን በየጊዜው የሚያቀያይሩት ለዚህ ነው። ፒኤቹ አለቅጥ ሲወርድ ደግሞ ተቃራኒው ይከተላል፤ ውሃው የገንዳውን ሲሚንቶ እየሟሟ ይበላዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ላንጄሊየር እ.ኤ.አ. በ1936 ውሃ ቅርፊት የሚጥል ወይም የሚበላ መሆኑን ከፒኤች፣ ከሙቀት፣ ከካልሲየምና ከአልካሊኒቲ ማስላት የሚቻልበትን ቀመር አቅርቧል፤ ያኔ የታሰበው ለከተማ የውሃ ቧንቧዎች ነበር።

ፀሐይ ግን አጭር አትሆንልንም። ጥበቃ የሌለው ክሎሪን በቀትር ፀሐይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታ ሲጨምር ይበረታል፤ በ2300 ሜትር ላይ የሚገኝ ገንዳ በባሕር ዳርቻ ካለው ይበልጥ ይመታል። መከላከያው ሳያኑሪክ አሲድ የተባለ ውሁድ ነው፤ ክሎሪኑን ላላ አድርጎ እያሰረ ከጨረሩ ይሸሽገዋል፤ በሚያስፈልግበት ጊዜም ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። እዚህም ላይ ልኩን ማለፍ አለ። ሳያኑሪክ አሲድ ሲበዛ ክሎሪኑን አስሮ ያስቀረዋል፤ በመለኪያው «በቂ ክሎሪን አለ» እየተባለ ነጻው አሲድ ግን ኢምንት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ100 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ውሁዱ እንደ ክሎሪን ቶሎ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው የገንዳው ውሃ ከፊሉ ተደፍቶ ሲተካ ነው።

አረንጓዴው ገንዳ

መዘንጋት የሚያስከትለውን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን የተመለከተው እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ ላይ ነበር። በማሪያ ሌንክ የውሃ ስፖርት ማዕከል የነበረው የጠልቆ ዝላይ ገንዳ ኦገስት 9 ቀን ሰማያዊነቱን ትቶ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ከጎኑ ያለው ገንዳም ተከተለው። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የአልካሊኒቲ ለውጥ ነው አሉ። ከቀናት በኋላ ግን፣ ኦገስት 5 ቀን 80 ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በስሕተት ወደ ውሃው መጨመሩን ገለጹ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻውን ጀርም ገዳይ ነው፤ ክሎሪንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉና የሚቀረው ኦክስጅን፣ ውሃና ክሎራይድ ነው። ጠባቂ ባጣው ሞቃት ውሃ ውስጥ አልጌ በቀናት ውስጥ አበበ። በሁለተኛው ገንዳ ላይ ይካሄድ ለነበረው የኅብረት ዋና ውድድር ሲባል ወደ 4 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ መቀየር ግድ ሆነ።

ያ ገንዳ ጨዋማ አልነበረም፤ የዓለም ትልቁ የስፖርት በዓል የሚካሄድበት፣ ባለሙያ ያልጎደለው ገንዳ ነበር። በውስጡ የገባው ነገር ሁሉ ለየብቻው «ጥሩ» ነበር። የውሃ ደኅንነት በውስጡ ባሉት ነገሮች መካከል ያለው ግንኙነት እንጂ የእያንዳንዳቸው መልካም ስም ድምር አይደለም።

በሪዮ የታየው ቢያንስ ቀለም ነበረው። የሚያስፈራው ቀለም የሌለው ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን፣ ፒኤቹ 7.5፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነና ሳያኑሪክ አሲድ በሌለበት ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞታል። የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ 16 ደቂቃ፣ ጃርዲያ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ግን ከ10 ቀናት በላይ ይቋቋማል። እነዚህ ቁጥሮች የተሰጡት ለ7.5 ፒኤች መሆኑን ልብ በሉ። ፒኤቹ ሳይታይ 8.5 ከደረሰ እያንዳንዳቸው ይረዝማሉ፤ ውሃው ግን እንደ ቀድሞው ጥርት ብሎ ይታያል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ወደ ገንዳ አለማስገባት ደግሞ ማንኛውም መሣሪያ፣ ባለ ጨውም ሆነ ባለ በርሜል፣ ሊተካው የማይችል ጥንቃቄ ነው።

በሰሌዳ ላይ ሦስት ቁጥር

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር በነበርንባቸው ዓመታት እንዋኝበት የነበረው የዩኒቨርሲቲ ገንዳ መግቢያ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። የገንዳው ሠራተኛ በየሦስት ሰዓቱ ውሃ እየቀዳ ይለካና ነጻ ክሎሪኑን፣ ፒኤቹንና ሙቀቱን በጠመኔ ይጽፍ ነበር፤ ሰዓቱንም ጭምር። የረቀቀ መሣሪያ አልነበረውም፤ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ፣ አንድ የመስታወት ብልቃጥና የቀለም ማነጻጸሪያ ብቻ። እኛ እንደሚመስለን፣ በአገራችን ያሉ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ገንዳዎች ሁሉ፣ ጨዋማም ይሁኑ አይሁኑ፣ ይህን ሰሌዳ እንዲሰቅሉ ሊገደዱ ይገባል። ውድ ነው የሚል መከራከሪያ አይቀርብበትም። ደንበኛውም «ክሎሪን አለው ወይስ የለውም?» ማለቱን ትቶ «የዛሬው ፒኤች ስንት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኖረዋል። ጥያቄው እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቦታ ካለ፣ ልጆቻችንን ይዘን ብንመለስ እንመርጣለን።

ስለ ሠራተኞቹም እናስብ። ፒኤች ለማውረድ የሚያገለግለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድና በረኪና በአንድ ጠባብ መጋዘን ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 በቤልጅየም ኢፕር አካባቢ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ። ገንዳው «ኬሚካል የለበትም» ተብሎ የተነገረው ሠራተኛ ግን ስለ ጓንትና ስለ አየር ማስገቢያ መስኮት የሚጨነቅበት ምክንያት አይታየውም።

የተሳሳተው ስም የሚያደርሰው ጉዳት በገንዳው አጥር ብቻ የሚወሰን አይደለም። ክሎሪንን መፍራት የተማረ ሰው ያንኑ ፍርሃት ወደ መጠጥ ውሃው ይዞት ይሄዳል። የተቅማጥ ወረርሽኝ በሚነሣበት ጊዜ ለየቤቱ የሚታደለው የውሃ ማከሚያ፣ ለምሳሌ «ውሃ አጋር» በሚል ስም የምናውቀው፣ የሳሳ ሃይፖክሎራይት ነው፤ ጨዋማው ገንዳ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ያው ውሁድ። ለመጠጥ ውሃም የሚመከረው በቁጥር ነው፤ ፒኤቹ ከ8 በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ከ30 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን መቅረት አለበት። እዚህም ፒኤች እንደገና ብቅ ማለቱን ልብ ይሏል። «ኬሚካል ስለሆነ አልጠጣም» ብላ ያልታከመ የወንዝ ውሃ ለልጇ የምትሰጥ እናት፣ በመዝናኛ ስፍራው ከተነገረን ዐረፍተ ነገር ጋር በአንድ ክር የተያያዘች ናት። ልዩነቱ የእሷ ልጅ የሚከፍለው ዋጋ መብለጡ ነው።

ስለ ትምህርታችንም አንድ ቅሬታ አለን። ስለ ኬሚካዊ ሚዛን በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ይፈተናሉ፤ የለ ሻተሊየን መርሕ በቃላቸው ይወጡታል። የአንድን ውሃ ፒኤች ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለክተው ለምን እንደተለያየ የተጨቃጨቁት ግን ስንቶቹ ናቸው? «ቤተ ሙከራ የለንም» የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሠራም።

ሁለት የአምቦ ውሃ ጠርሙስና የፒኤች ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ከጠፋ ቀይ ጥቅል ጎመን በፈላ ውሃ ነክሮ የሚወጣውን ሐምራዊ ቀለም መጠቀም ይቻላል፤ በአሲድ ወደ ቀይ፣ በቤዝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። አንዱን ጠርሙስ ከፍታችሁ ሰፊ አፍ ባለው ሳህን ገልብጡት፤ ሌላውን እንደተከፈተ በጠርሙሱ ተዉት። በየግማሽ ሰዓቱ ከሁለቱም ጥቂት እየቀዳችሁ ለኩ፤ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፉ፤ በግራፍ ወረቀት ላይም ሁለቱን መስመሮች አስምሩ። የሳህኑ ለምን እንደቀደመ፣ በማንኪያ ብታማስሉት ምን እንደሚሆን፣ መስመሩስ የት ላይ እንደሚተኛ ከመለካታችሁ በፊት ገምቱ። የመጀመሪያው ልኬት ክዳኑ እንደተነሣ ወዲያው መወሰድ አለበት፤ ትልቁ ለውጥ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነውና።